ስለ እንግሊዝ መንደሮች ስያሜ የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፤

በምሥራቅ እንግሊዝ፣ ኖርፎክ ውስጥ፣ ግሬት ስኖሪንግ የምትባል መንደር አለች። «ስኖሪንግ» በዛሬው እንግሊዝኛ ማንኮራፋት በመሆኑ ስሟ ያስቃል እንጂ ከእንቅልፍ ጋር የሚያገናኛት ነገር የለም፤ ስኔር የተባለ የጥንት ሰው ወገኖች የሰፈሩባት ማለት ነው። ኤሴክስ ያለችው አግሊም አስቀያሚ ተብላ አልተሰደበችም፤ በኡጋ ስም የተጠራች የደን ምንጣሮ ነበረች።

ስለዚህ የስያሜ አጥኚ በዛሬው አጻጻፍ ሳይታለል፣ ስሙ መጀመሪያ ወደተመዘገበበት ጽሑፍ ይመለሳል። ለብዙዎቹ መንደሮች ይህ ጽሑፍ ድል አድራጊው ንጉሥ ዊልያም በ1086 እ.ኤ.አ. የመሬቱን ባለይዞታዎችና ገቢያቸውን ያስመዘገበበት፣ ዱምስዴይ የተሰኘው መዝገብ ነው። የተጻፈው በላቲን ስለሆነ ግን የአገሬውን ድምፅ ሁልጊዜ በትክክል አይዝም፤ እሱንም በጥንቃቄ ማንበብ ያስፈልጋል።

መዝገቡ ሲዘጋጅ አገሪቱ በብዙ ልሳኖች ተሰይማ አብቅታ ነበር። ከአምስተኛው መቶ ዘመን ጀምሮ የገቡት አንግሎሳክሶኖች የእርሻ ግቢውን «ቱን» ስላሉት በ«ተን» የሚያበቁ ስሞች በዙ፤ በዘጠነኛው መቶ ዘመን ከስካንዲኔቪያ መጥተው በሰሜንና በምሥራቅ የሰፈሩት ዴኖች ደግሞ መንደሩን «ባይ» አሉት። የሁለቱ ሕዝቦች መገናኘት ከሁሉ ይልቅ ደስ የሚለኝ በሁለት ስሞች ላይ ነው። ቀድሞ መንደር የነበረችው የለንደኗ ቺዚክና የሰሜኗ ኬዚክ ሁለቱም የዓይብ እርሻ ማለት ናቸው፤ በሰሜን የስካንዲኔቪያ ሰዎች አንደበት «ቸ»ን ወደ «ከ» ስለለወጠው ብቻ ዛሬ የማይዛመዱ ይመስላሉ።

ከንጉሥ ዊልያም ጋር ከፈረንሳይ የመጡት ኖርማኖች ነባሩን ስም እምብዛም አልነኩም፤ ይልቁንም በኋላ ላይ ስቶክ ማንደቪልን በመሰሉ መንደሮች ስም የባለርስቱ ቤተሰብ ስም ተቀጠለ።

አስቸጋሪው ዎልተን ነው። በዚህ ስም የሚጠሩ መንደሮች ብዙ ሲሆኑ፣ አንዳንዱ የግንብ፣ አንዳንዱ የደን፣ አንዳንዱም የ«ዌያልህ» እርሻ ማለት ነው። «ዌያልህ» ባዕድ ማለት ሲሆን፣ መጤዎቹ አንግሎሳክሶኖች አገሩ የራሳቸው የሆነውን ብሪቶኖች የጠሩበት ቃል ነው፤ ዌልስ የሚለው ስምም የመጣው ከዚሁ ነው። ሦስቱ ዓይነት ዎልተኖች ዛሬ በአንድ ፊደል ስለሚጻፉ፣ የትኛው መንደር የትኛው እንደሆነ የሚለየው እያንዳንዱ በድሮ መዛግብት እንዴት እንደተጻፈ በመመርመር ነው።