አሮጌው ላይ ሠርተህ ለአዲሱ ስጥ

ሰሚራ፦ ከድሬዳዋ፣ ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ኮድ ለሊኑክስ፣ ለዊንዶውስና ለማክ እንዴት ይታሸጋል? በክሪ፣ ከየቱ እንነሳ?

በክሪ፦ ከሊኑክስ። ቀላል ይመስላል እንጂ ጣጣው ያለው እዚያ ነው። ኡቡንቱ በሚባለው ሊኑክስ 24.04 ስሪት ላይ ኮምፓይል ያደረግሽውን፣ ማለትም ከኮድ ወደ ፕሮግራም የቀየርሽውን፣ በቀደመው 20.04 ላይ ብታስነሺው «ጂሊብሲ 2.34 አልተገኘም» ብሎ ይቆማል። ጂሊብሲ የሊኑክስ ፕሮግራሞች የሚደገፉበት መሠረታዊ ላይብረሪ ነው።

ሰሚራ፦ ኮዱ ምንም አዲስ ነገር ባይጠቀምም?

በክሪ፦ ባይጠቀምም። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው 2.34፣ ፕሮግራሙን የሚያስጀምረውን ፈንክሽን ራሱን በአዲስ ቁጥር አስቀመጠው። ስለዚህ «ሰላም» ብሎ የሚዘጋ ፕሮግራም እንኳ ይወድቃል። 20.04 ላይ ያለው 2.31 ነዋ። አዲሱ ጂሊብሲ የድሮውን ይቀበላል፤ የድሮው አዲሱን አያውቅም። መፍትሔው ዴቢያን 11 የሚባለውን ሌላ ሊኑክስ በዶከር፣ ማለትም አንድን ሊኑክስ በሌላው ውስጥ ለብቻው በሚያስነሳ መሣሪያ፣ አስነስቶ እዚያ ውስጥ ኮምፓይል ማድረግ ነው፤ የሱም 2.31 ነው።

ሰሚራ፦ አቦ ቆይ፣ ኦፕንኤስኤስኤል በሚባለው የኢንክሪፕሽን ላይብረሪ ላይ ግን ነገሩ ይገለበጥብሃል። ዴቢያን 11 ላይ ያለው 1.1 ነው፤ ኡቡንቱ ላይ ከ22.04 ጀምሮ 3 ሆኗል። አሮጌው ላይ የሠራኸው አሁን ደግሞ አዲሱ ላይ ይወድቃል።

በክሪ፦ ልክ ነሽ። ወይ ከፕሮግራሙ ጋር አብረሽ ታሽጊዋለሽ፣ ወይ ለየስሪቱ የራሱን ዴብ፣ ማለትም የኡቡንቱና የዴቢያን መጫኛ ፋይል፣ ታዘጋጂያለሽ። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ አብረሽ ካሸግሽው የደህንነት ማሻሻያ በወጣ ቁጥር አዲስ ፓኬጅ ማውጣት ያንቺ ዕዳ ይሆናል። ጂሊብሲንና የግራፊክስ ድራይቨሩን ግን በፍጹም እንዳታሽጊ።

ሰሚራ፦ ዊንዶውስስ?

በክሪ፦ ሚንጂደብሊው በሚባለው ነጻ ኮምፓይለር ከሠራሽ የሚረሳው ዲኤልኤል፣ ማለትም ፕሮግራሙ ሲነሳ የሚጠራው የላይብረሪ ፋይል፣ ነው። ያንቺ ማሽን ላይ ፓዝ ውስጥ፣ ማለትም ዊንዶውስ ፋይል በሚፈልግባቸው ፎልደሮች ውስጥ፣ ስላለ ይሠራል፤ ከዚራ ሰፈር ወዳለ ኢንተርኔት ቤት ወስደሽ ስትከፍቺው «ሊብዊንፕትሬድ የለም» ይልሻል። የፕሮግራመር ዕቃ ምንም ያልተጫነበት ማሽን ላይ ሳይሞከር አይለቀቅም።

ሰሚራ፦ ኢንስታለሩም ሁሉን በውስጡ ይያዝ። ሲጫን ከኢንተርኔት የሚያወርድ ከሆነ፣ ኔትወርክ ሲጠፋ መሐል ላይ ይቀራል።

በክሪ፦ ማክ በአጭሩ፦ ለኢንቴልና ለአርም ፕሮሰሰር የሚሆነውን ለየብቻ ኮምፓይል አድርጎ ሊፖ በሚባለው መሣሪያ ማጣመር፣ ፈርሞ ለአፕል ማረጋገጫ መላክ። ለዚህ በዓመት 99 ዶላር ይከፈላል።

ሰሚራ፦ በፍላሽ ለምንቀባበለውስ?

በክሪ፦ የሊኑክሱን በታር፣ ማለትም ፋይሎችን ከነፈቃዳቸው በአንድ በሚጠቀልል ፎርማት፣ ጠቅልሎ ነው። ፍላሹ ፋት32 በሚባለው የፋይል አደረጃጀት ፎርማት የተደረገ ከሆነ የማስኬድ ፈቃዱን አይመዘግብም፤ አፕኢሜጁን፣ ማለትም ሁሉን በአንድ ፋይል የያዘውን የሊኑክስ ፕሮግራም፣ እዚያው ፍላሹ ላይ ብትከፍቺው አይነሳም። ታሩ ሃርድ ዲስክ ላይ ሲፈታ ግን ፈቃዱ አብሮ ይወጣል።