ትንኟም ትከላከላለች

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ ብቻዬን ነኝ፤ እንግዳ የለኝም። ሰሞኑን ከአእምሮዬ አልወጣ ስላለች ፍጡር ላወራችሁ ነው። ስለ ወባ ትንኝ።

ስለ ትንኝ ስናወራ ሁልጊዜ የምናወራው ስለ ራሳችን ነው። ነከሰችን፣ ወባ አስያዘችን፣ አጎበር እንስቀል። ልክ ነው፤ ወባ ቤት የገባበት ሰው ሌላ ነገር ለማሰብ ፋታ የለውም። ግን እሷ ውስጥ ምን እንደሚሆን ብዙዎቻችን ጠይቀን አናውቅም።

ትንኟ ወባ ያለበትን ሰው ደም ስትመጥ ጥገኛ ተህዋሲው ሆዷ ይገባል። ወንዴና ሴቴው የሚገናኙት እዚያ ነው። በአንድ ቀን ገደማ ውስጥ እንደ ትል የሚሳብ ቅርጽ ይይዝና የአንጀቷን ግድግዳ ሰርስሮ ለመውጣት ይነሳል። ወሳኟ ሰዓት ይቺ ናት። ሲሰረስራቸው የግድግዳው ሴሎች ይጎዳሉ፣ ይሞታሉ። እየሞቱ ግን ዝም አይሉም፤ ጥሷቸው በሚያልፈው ተህዋሲ ላይ ኬሚካላዊ ምልክት ይተዉበታል። ከግድግዳው ማዶ፣ የትንኟ ደም ውስጥ፣ ቴፕ-1 የሚባል ፕሮቲን አለ። ኤልሪም-1 እና ኤፒኤል-1 የሚባሉ ሌሎች ሁለት ፕሮቲኖች ደግፈው ይዘውታል። ምልክት ያለበትን ተህዋሲ ሲያገኝ ይጣበቅበታል፤ ያኔ ተህዋሲው ይፈራርሳል፣ አንዳንዴም በጥቁር ቀለም ተሸፍኖ ይቀራል።

ይሄ ፕሮቲን የእኛው ደም ውስጥ ካለው፣ ሲ-3 ከሚባለው የበሽታ መከላከያ ፕሮቲን ጋር ዘመድ ነው። እኔን በጣም የገረመኝ እሱ ነው። እኛም እሷም ያንኑ ጥገኛ የምንከላከለው ከአንድ ጥንታዊ ምንጭ በወረስነው ነገር ነው።

በ2004 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ተመራማሪዎች አኖፌለስ ጋምቢዬ በተባለችው የአፍሪካ ትንኝ ላይ የቴፕ-1ን ጂን ዝም አሰኙት። አንጀቷ ላይ የሚያድጉት ተህዋሲያን ብዙ እጥፍ ሆኑ። ማለትም በደህናው ጊዜ አብዛኞቹን የምትገድላቸው ራሷ ናት። ችግሩ ከተረፉት ተህዋሲያን አንዱ እንኳ ሺዎችን ይፈለፍላል። ለእኛ ደግሞ እሱው ይበቃናል።

ተህዋሲውም ቀላል አይደለም። ፒኤፍኤስ-47 የሚባል ጂን አለው። ይሄ ጂን ሴሎቹ ያንን ምልክት እንዳይተዉ ያደርጋል። ሌሊት ጫማውን አውልቆ እንደሚገባ ሌባ፣ ኮቴ ሳያሰማ ያልፋል። ጂኑ ታዲያ እንደ አካባቢው ይለያያል። ከአፍሪካ የተገኘ ተህዋሲ የአፍሪካዋን ትንኝ መከላከያ ሲያልፍ፣ ከብራዚል የመጣው እዚያችው ትንኝ ውስጥ ሲጠቁር ታይቷል።

እዚህ ላይ ነገሩ ወደ እኛ ቤት ይመጣል። አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለችው የእስያ ትንኝ፣ አሁንም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ በ2016 በሶማሌ ክልል ቀብሪደሃር ተገኘች። ከተማ ይስማማታል፤ በውኃ በርሜልና በግንባታ ቦታ ኩሬ ትራባለች። በአዋሽ ሰባት ኪሎ ተመራማሪዎች የአካባቢውን ሕመምተኞች ደም መገቧት፤ ሁለቱም የወባ ተህዋሲ ዓይነቶች፣ ፋልሲፓረምም ቫይቫክስም፣ ያዟት። የባሕር ማዶ ትንኝ ስለሆነች የእኛን ተህዋሲ ትመልሳለች ብሎ ተስፋ ማድረግ አልተቻለም። በ2022 ከእሷ ጋር የተያያዘው የድሬዳዋው የወባ ወረርሽኝ መጣ።

ደግሞ ይቺኑ ስቴፈንሲን በአሜሪካ ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ቀይረዋታል። ሬል-2 የሚባለው፣ የመከላከያ ጂኖችን የሚቀሰቅሰው ጂን፣ ደም በጠጣች ቁጥር ጠንክሮ እንዲሠራ አደረጉት። ፋልሲፓረምን በደንብ ተቋቋመች።

እንዲህ ያለች ትንኝ ድሬዳዋ ትለቀቅ እያልኩ አይደለም። እሱን የከተማው ሰው ጉዳዩ በቋንቋው ተነግሮት፣ ጠይቆና ተከራክሮ የሚወስነው ነው። እኔ አጥብቄ የምፈልገው ከዚያ በፊት ያለውን ነው። የድሬዳዋዋ ትንኝ የታመመ ሰው ደም ከጠጣች በኋላ ባለው የመጀመሪያ ቀን የትኞቹ ጂኖቿ ይነሳሉ፣ የትኞቹስ ዝም ይላሉ? ይሄ ጥያቄ እዚሁ፣ በእኛ ላብራቶሪ፣ በእኛው ልጆች እጅ እንዲጠና እፈልጋለሁ። ለዚህ የሚወጣ ገንዘብም የወባ መከላከያ በጀት አካል ሆኖ ይቆጠር እላለሁ።