ለአዲስ ፕሬዚዳንቶች፦ ከሹም ሽሩ በፊት ርክክቡ
(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ የመክፈቻ ንግግር)

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ክቡራን እንግዶቻችን፤

እንኳን ለዘንድሮው ጉባኤያችን በሰላም መጣችሁ። ከመካከላችሁ በዚህ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንትነት የተረከባችሁ አላችሁ፤ እንኳን ደስ አላችሁ። የዛሬው ንግግሬ በዋናነት ለእናንተ ነው። ነባሮቻችን የጎደለውን ከምሳ በኋላ ትሞሉታላችሁ።

የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎቻችን ከ40 በላይ ሆነዋል። ፕሬዚዳንት በተለወጠ ቁጥር ግን ርክክብ ሲባል ብዙ ጊዜ የሚታሰበው ማኅተም፣ መኪናና የቢሮ ቁልፍ ነው። ይህ አይበቃም። ያልተወራረደ ቅድመ ክፍያ፣ በሂደት ላይ ያለ ጨረታ፣ ያልተጠናቀቀ ግንባታና እስካሁን የተከፈለው ገንዘብ፣ ፍርድ ቤት የደረሰ ክርክር፣ መልስ ያልተሰጠው የኦዲት ግኝት፣ ሁሉም በጽሑፍ ይምጣላችሁ። መጋዘኑንም እዩ። በሞዴል 19 (የዕቃ ገቢ ደረሰኝ) ገቢ የሆነውና በሞዴል 22 (የዕቃ ወጪ ደረሰኝ) ወጪ የተደረገው ከቢን ካርዱ፣ ማለትም መጋዘኑ የእያንዳንዱን ዕቃ ገቢ፣ ወጪና ቀሪ ከሚመዘግብበት ካርድ ጋር ካልተናበበ ቆጠራ አስደርጉ። ይህን ያላደረገ ፕሬዚዳንት በዓመቱ ኦዲተር ሲመጣ እሱ ያልፈረመበትን ጉድለት እንዲያስረዳ ይጠየቃል። የባንክ ፊርማ ናሙናና የክፍያ ውክልናም በዚያው ሳምንት ይለወጥ፤ ካልተለወጠ ክፍያ ይቆማል፣ ደመወዝም ሊዘገይ ይችላል።

ከዚያ ቀጥሎ ወደ ካፌው ሂዱ። የአንድ ተማሪ የቀን ምግብ በጀት ከ22 ብር ወደ 100 ብር ማደጉ ትልቅ እፎይታ ነው። ሆኖም 10,000 ተማሪ የሚመግብ ግቢ በዚህ ሒሳብ በቀን 1 ሚሊዮን፣ በወር 30 ሚሊዮን ብር ያወጣል። አቅራቢዎች የሁለት ወር ክፍያ ከዘገየባቸው 60 ሚሊዮን ብር ችለው አይቆዩም። መጀመሪያ የሚወርደው ጥራቱ ነው፤ ቀጥሎ አቅርቦቱ ይቋረጣል። ስለዚህ የእንጀራ፣ የዱቄት፣ የሽሮ፣ የምስርና የዘይት ውሎች የሚያበቁበት ቀን በአንድ ገጽ ተጽፎ ጠረጴዛችሁ ላይ ይቀመጥ። ግልጽ ጨረታ ከፍላጎት ዝርዝር እስከ ውል ፊርማ ወራት ይወስዳል፤ በጥር የሚያልቅ ውል ጨረታው በጥቅምት ካልተጀመረ ጥር ላይ ተማሪውን የሚያበላ አይኖርም። እህሉ ሲገባም ሚዛኑ አጠገብ የተማሪዎች ኅብረት ተወካይ ይቁም። ያልተሰማ ቅሬታ ሁሉ የሚጀምረው «እህሉ ወዴት ሄደ?» ከሚለው ጥያቄ ነውና።

ውኃም እንዲሁ ነው። ለአንድ ተማሪ በቀን 50 ሊትር ብቻ ብንይዝ፣ 10,000 ተማሪ 500,000 ሊትር ይፈልጋል። 10,000 ሊትር የሚይዝ ቦቴ ይህን ለማድረስ 50 ጊዜ መመላለስ አለበት፤ ቦቴ ወጥ ቤትና ክሊኒክ ያድናል እንጂ ግቢውን አያዳርስም። መፍትሔው መጠባበቂያ ፓምፕና ናፍጣው የተሞላ ጄኔሬተር ነው። ሁለቱም መኖራቸውን በወሬ ሳይሆን በዓይናችሁ አረጋግጡ፤ ጄኔሬተሩም እናንተ ባላችሁበት ይነሣ።

ሹም ሽሩ ላይ ግን አትቸኩሉ። አዲስ ፕሬዚዳንት በገባ በወሩ ዲኖችን ሲለውጥ ሴሚስተሩ መሀል ላይ ይታወካል፦ ውጤት የሚያጸድቅ ይጠፋል፣ የመምህራን የትርፍ ጭነት ክፍያ ይታሰራል፣ ሪጅስትራርም ለምዝገባ የሚያናግረው ሰው ያጣል። እኔ የምመክረው ሴሚስተሩ እስኪያልቅ መጠበቅ ነው። በተጠባባቂነት ለረጅም ጊዜ የቆዩ መደቦች ካሉ ቅድሚያ ለእነሱ ስጡ፤ ተጠባባቂ ኃላፊ ከባድ ውሳኔ ለመወሰን ይፈራል፣ ሥራውም ይንከባለላል።

አዳራሽ ሞልቶ የሚደረገውን የትውውቅ ስብሰባ በተመለከተ አንድ ልመና አለኝ። 30 ጥያቄ ተሰብስቦ በአንድ ጊዜ በጥቅሉ ሲመለስ ጠያቂው መልስ አግኝቶ አይወጣም። በየትምህርት ክፍሉ 20 እና 30 ሰው ሆናችሁ ተገናኙ። የፕሮክተሮቹን (የተማሪ መኝታ ቤት ተቆጣጣሪዎቹን)፣ የጽዳትና የጥበቃ ሠራተኞቹን ተራም አትዝለሉ፤ ዶርሙ ሌሊት እንዴት እንደሚያድር የሚያውቁት እነሱ ናቸው። በቃለ ጉባኤው ላይ እያንዳንዱን ጥያቄ ለዩት፦ በፕሬዚዳንቱ ሥልጣን የሚፈታ፣ ቦርዱን የሚጠይቅ፣ ትምህርት ሚኒስቴርን ወይም ገንዘብ ሚኒስቴርን የሚጠይቅ። ከአጠገቡ የሚከታተለው ሰውና ቀኑ ይጻፍ። የመምህራን መኖሪያ ቤት ጉዳይ ብዙ ጊዜ ከሦስተኛው ወገን ነው። ሐምሌ 1 በጀመረው በጀት ውስጥ የሌለ ቤት በጭብጨባ መካከል ቃል ከተገባ፣ በቀጣዩ ዓመት ያ ቃል ተመልሶ የክርክር ርእስ ይሆናል።

የመውጫ ፈተና ከ2015 ጀምሮ ማለፊያው 50 በመቶ ነው። የግቢውን አጠቃላይ አኃዝ ብቻ አትቀበሉ፤ በየትምህርት ክፍሉ ተከፋፍሎ ይቅረብላችሁ። አንድ ክፍል በተከታታይ ከወደቀ የጎደለው መምህር ነው ወይስ ላቦራቶሪ የሚለውን ለማወቅ ከዲኑ ሪፖርት በፊት የክፍል ፕሮግራሙንና የመምህራን ዝርዝሩን ጎን ለጎን አስቀምጡ።

ረቂቅ የርክክብ ቅጹ በየአቃፊያችሁ ውስጥ አለ። እስከ 6 ሰዓት አንብቡት፤ ከምሳ በኋላ 8 ሰዓት ላይ በሦስት ቡድን ሆነን የሚጨመረውን እንጨምርበታለን። ጉባኤው በይፋ ተከፍቷል።