«ተበተኑ» ሲባል ወዴት?

እንደምን አመሻችሁ። ዛሬ ስለ ሰላማዊ ሰልፍ መበተን ነው የማወራው፤ በተለይ ከአዲስ አበባ ዳር፣ እነ የካ አባዶ አካባቢ።

ብዙ ሰው ሰልፍ «ፈቃድ» ይጠይቃል ይላል። አዋጅ ቁጥር 3/1983 የሚለው ግን ማሳወቅ ነው፤ ከ48 ሰዓት በፊት፣ በጽሑፍ፣ ዓላማው፣ መንገዱ፣ ሰዓቱና የአዘጋጆቹ ፊርማ ተካቶ። አስተዳደሩ ጊዜው ወይም ቦታው ይቀየር ካለ ምክንያቱን ጽፎ በ12 ሰዓት ውስጥ ይመልሳል። «መቼም የትም አይሆንም» ማለት አይችልም። በተግባር እንዴት እንደሚሆን ታውቁታላችሁ፣ እሱን እንለፈው።

ዳር ላይ ግን ሌላ ጣጣ አለ። ከየካ አባዶ ተነስቶ ለገጣፎ የሚደርስ ሰልፍ በአዲስ አበባ ጀምሮ ሸገር ከተማ ውስጥ ያልቃል። ለአንዱ አስተዳደር ብቻ ያሳወቀ ወሰኑ ላይ ይቆማል። ስለዚህ ሁለት ደብዳቤ፤ ቅጂው ላይም የተቀበሉበት ቀን ብቻ ሳይሆን ሰዓቱም ይጻፍ። ያለዚያ 48 ሰዓቱን በምን ታስረዳላችሁ?

ወደ መበተኑ ስንመጣ፣ አንድ ልጅ ድንጋይ ስለወረወረ ሰልፉ ሁሉ ሁከት አይሆንም። የተባበሩት መንግሥታት የ1990 (እ.ኤ.አ.) የፖሊስ ኃይል አጠቃቀም መርሆችም፣ ሕጉን ያልተከተለ ሰልፍ እንኳ ሰላማዊ ከሆነ ኃይል እንዳይነካው፣ የግድ ከሆነም በትንሹ እንዲሆን ይላሉ። ልጁን ለይቶ ማውጣት ይቀድማል።

ማስጠንቀቂያው ከፒካፕ ላይ በድምፅ ማጉያ ሲነገር የፊተኛው ይሰማል፣ የኋለኛው ጩኸት ብቻ ነው የሚደርሰው። ፊተኛው ሲመለስ ኋለኛው ይገፋል። ስለዚህ ከፊትም ከኋላም፣ በአማርኛም በኦሮምኛም ይደጋገም፤ «ተበተኑ» ብቻ ሳይሆን «በዚህ በኩል ውጡ» ይባል፤ ለመውጣትም ጊዜ ይሰጥ።

አስለቃሽ ጭስ ከአየር ይከብዳል፣ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ይተኛል። ጠባብ ኮብልስቶን፣ ጎኑ ክፍት ቦይ ከሆነ፣ ዓይኑ የተቃጠለ ሰው ቦዩ ውስጥ ነው የሚገባው፤ ጭሱም እዚያው ይጠብቀዋል። መስከረም 22 ቀን 2009 ቢሾፍቱ ላይ፣ በኢሬቻ፣ ጭስ ሲተኮስ ሰው ተረጋግጦ ጉድጓድ ውስጥ ወደቀ። መንግሥት ራሱ የሟቾቹን ቁጥር 55 ብሏል፤ ከዚያ በላይ ነው የሚሉም አሉ።

እንግዲህ አዛዡም አስተባባሪውም ከዋዜማው መንገዱን በእግር ይሂዱበት። መውጫ ቅያሶቹን ይቁጠሩ፤ ባጃጆች ተሰልፈው የሚውሉበትን ግን መውጫ ብለው አይቁጠሩት።