ታዲያ ለምን ይጮኻሉ?

ስለ ቤት ኪራይ ቃል የገባሁላችሁ የፕሮግራሙ ክፍል ዛሬም የለም። አውቃለሁ። ስድቡን በለመዳችሁት መንገድ ላኩልኝ። ኢንስፔክተሩ አንድ ነገር ጠይቆኝ ሰሞኑን ሌላ ነገር ማሰብ አቅቶኛል። አዎ፣ ያው ኢንስፔክተር የምንለው የእህቴ ልጅ። «ደሴ ከበረዳት ለምን ወደ ኮምቦልቻ አትወርድም» ያለው። አሁን ደግሞ የመዝናኛ ፓርክ ይዞ መጥቷል።

ልጁ ማሪዮ የሚባለውን የኒንቴንዶ ቪዲዮ ጨዋታ ይወዳል። ማጫወቻው ግን የለውም። ሌሎች ሰዎች ሲጫወቱ በኔ ስልክ ያያል፣ በቃ። ይሄ ራሱ ይገርመኛል። እኛ ተራ ለመያዝ የተጋደልንበትን ነገር እነሱ አይተው ብቻ ይጠግባሉ። እንዲህ ሲያይ ሲያይ ጃፓን፣ ኦሳካ ያለውን ፓርክ አገኘ። ሱፐር ኒንቴንዶ ወርልድ። ከዚያ ወዲህ ስልኬ የኔ አይደለም።

ካላያችሁት፣ በትልቅ አረንጓዴ ቧንቧ ትገባላችሁ። ስትወጡ ጨዋታው ፊታችሁ ተገትሮ ታገኙታላችሁ። ሳንቲሙ፣ እንጉዳዩ፣ ጥርሳሙ አበባ፣ የጥያቄ ምልክት ያለበት ቢጫ ሳጥን፣ ሁሉም አለ። እጃችሁ ላይ አምባር አስራችሁ ሳጥኑን በቡጢ ስትሉት ሳንቲሙ ስልካችሁ ላይ ይቆጠርላችኋል። ሦስት ቁልፍ ከሰበሰባችሁ የማሪዮን ጠላት የባውዘርን ልጅ ትገጥማላችሁ። አምባሩ ታዲያ ለብቻው ነው የሚሸጠው። መግቢያ ከፍላችሁ ገብታችሁ፣ ሳጥኑ ሳንቲም እንዲቆጥርላችሁ ደግሞ ትከፍላላችሁ። ይቺን ምክር የሰጣቸው የሰኞ ገበያ ነጋዴ ሳይሆን አይቀርም።

ስለ ክፍያ ካነሳን አይቀር፣ ያንን ፒያሳ የነበረውን ፕሌይስቴሽን ቤት የምታስታውሱ አላችሁ? በቆርቆሮ የተሠራውን። ከወንድሜ ጋር ነበር የምገባው። «ሴት ልጅ እዚህ ምን ትሠራለች» የሚሉኝ ልጆች ነበሩ፤ አንዳንዶቹ ዛሬ ይሄንን ይሰማሉ፣ ሰላም ብያለሁ። ሕጉ አንድ ነው፤ ተሸናፊ ይከፍላል። አሸናፊ አይነሳም። ለእንግዳ ደግሞ የሚሰጥ ጆይስቲክ ነበር፤ ሳትነኩት ራሱ ወደ ግራ የሚሄድ። እሱ ከደረሳችሁ ሂሳባችሁን አዘጋጁ ማለት ነው። እና ጎል በገባ ቁጥር ሆድ ይጮህ ነበር፣ ምክንያቱም ያ ጎል የዳቦ ገንዘብ ነው።

ፓርኩ ላይ ግን ሁሉም በሩ ላይ ከፍሎ ጨርሷል። ታዲያ ምን ይቀራል? ማሪዮ ካርት የሚባለውን እዩት። አራት ሆናችሁ አንድ መኪና ላይ ትወጣላችሁ። መነጽር ያለው ቆብ ታደርጋላችሁ፤ እውነተኛው ግድግዳ ላይ ማሪዮና ጠላቶቹ ተደርበው ይታያችኋል። ጠላቱን ታዩና መሪው ላይ ያለውን ቁልፍ ስትጫኑ የዔሊ ቅርፊት ይወረወራል። ቀስት ወደ ግራ ሲያሳያችሁ መሪውን ወደ ግራ ታዞራላችሁ፣ ነጥብ ታገኛላችሁ። መኪናው ግን በሐዲዱ ነው የሚሄደው። መሪውን ባትነኩትም ይሄዳል። ብታሸንፉም ብትሸነፉም በዚያው በር ትወጣላችሁ።

ይሄን ለኢንስፔክተሩ ስነግረው ፊቱ ወደቀ። «ታዲያ ማን ነው የሚነዳው?» አለኝ። መሐንዲሶቹ አልኩት። ቀድመው ነድተውታል።

እኔ ነገሩን አልናቅሁትም፣ እንዳትሳሳቱ። ከባድ ሥራ ነው። ጨዋታ የሚጥመው ስለምትሞቱበት ነው። ትሞታላችሁ፣ ትመለሳላችሁ፣ ያቺን ጉድጓድ በመጨረሻ ትዘሏታላችሁ። ራይድ ላይ፣ ማለት እንዲህ ፓርክ ውስጥ የምትሳፈሩበት ነገር ላይ፣ ማንም እንዲሞት አይፈለግም፤ ከኋላ ሰልፍ አለ፣ ሁሉም እኩል ደቂቃ ተቀምጦ መውረድ አለበት። እና ጨዋታ አምጥተህ ውድቀቱን ስታወጣበት... ምን እንደሚቀር አላውቅም። ምናልባት ቦታው ይቀራል። እዚያ ቦታ መቆም ራሱ በቂ ሊሆን ይችላል።

ማስ ኢፌክት የሚባለውን የቪዲዮ ጨዋታ አስቡት። ጨዋታው ምርጫ ነው ሙሉው፤ ማን ይዳን፣ ማን ይቅር፣ አንተ ትወስናለህ። በፈረንጆች 2016 ካሊፎርኒያ ውስጥ ግሬት አሜሪካ የሚባል ፓርክ ይሄንኑ ራይድ አደረገው። ወንበር ላይ ቁጭ ብለህ፣ ፊትህ ግዙፍ ስክሪን ተዘርግቶ፣ አንድ ተዋናይ በአካል ቆሞ ይመራህ ነበር። የምትመርጠው ነገር አልነበረም። በሌላ በኩል ፊንላንድ ታምፔሬ ላይ በ2012 አንግሪ በርድስ የሚባለው የስልክ ጨዋታ ሰፈር ተከፈተ፤ እሱ ብዙም አልተጨነቀም። ልጆች ይውጡበት፣ ይዝለሉበት፣ ይውደቁበት አለ። ምናልባት እሱ ይሻላል። ወይም አይሻልም፤ አላውቅም፣ ሁለቱንም በዓይኔ አላየኋቸው።

ኒንቴንዶዎቹ ግን ጊዜ ወስደውበታል። ከፓርኮቹ ባለቤት ከዩኒቨርሳል ጋር መስማማታቸውን በፈረንጆች 2015 ተናገሩ። በ2020 ሊከፍቱ ሲሉ ኮሮና መጣ። ኦሳካ በ2021 መጋቢት ተከፈተ፣ ሆሊውድ በ2023፣ ኦርላንዶ በ2025። በ2024 መጨረሻ ደግሞ ኦሳካዎቹ የሌላ ጨዋታቸውን ጎሪላ፣ የዶንኪ ኮንግን ጫካ ጨመሩበት። ኢንስፔክተሩን ያበላሸው ይሄኛው ነው።

የማዕድን ጋሪ አለ። ሐዲዱ መሐል ላይ ተሰብሯል። ጋሪው ይዘልና ማዶ ያርፋል። በጨዋታው ላይ ይቺ ቦታ ስንቱን ጨርሳለች። እዚህ ግን ማንም አይወድቅም።

እሺ። ሚኒባሱ።

ልጁን ኮምቦልቻ ልመልሰው ነው። መጨረሻ ወንበር ላይ ነን። ከደሴ ጃኬት ለብሳችሁ ትወጣላችሁ፣ ኮምቦልቻ ስትደርሱ በእጃችሁ ትይዙታላችሁ፣ መሐሉ ላይ ጆሮ ይደፈናል። እሱ አፉን እየከፈተ እየዘጋ ስልኬን ይዞ ያያል። ቪዲዮውን ፊት ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ነው የቀረጸው። ጋሪው ይሮጣል፣ ሐዲዱ ያልቃል፣ ይዘላል፣ ሰዎቹ ይጮኻሉ። ድምፁን ቀንስ አልኩት። ቀነሰ።

«እትዬ፣ አይወድቁም?»

እኔ ደግሞ ይሄንን ጥያቄ ነበር የምጠብቀው። አውቀዋለኋ! አይወድቁም አልኩት። የምታየው ሐዲድ የውሸት ነው። እውነተኛው ከታች ተደብቋል፣ ጋሪውን ደግሞ የማይታይ የብረት ክንድ ይዞታል፤ ላይኛው ቢሰበርም ምንም አይሆንም።

ዝም አለ። መልሶ ከፈተው። እዚያችው ቦታ ላይ አቆመው።

«ሰዎቹ ያውቃሉ?»

«ምኑን?»

«እንደማይወድቁ።»

«አዎ፣ ባያውቁ ይገቡ ነበር?»

«ታዲያ ለምን ይጮኻሉ?»

አጠገባችን የተቀመጡት እናት ሳቁ። «ወላሂ፣ እውነቱን እኮ ነው!» አሉ። እኔም ሳቅኩ። ደስ ስለሚላቸው ነው አልኩት። ይሄኔ ሐረጎ፣ ጠመዝማዛው መውረጃ ላይ ነን። ሾፌሩ ፊት ለፊቱ ያለውን አይሱዙ ሊደርብ ወጣ። ኩርባ ላይ። ምን እንደሚመጣ አይታይም፣ በእኛ በኩል ደግሞ ገደሉ ነው። እና... ሚኒባሱ ውስጥ ድምፅ የለም። ረዳቱ ብር ይቆጥራል። የእናትየው ከንፈር ይንቀሳቀሳል፣ ዱዓ ነው መሰለኝ። ከፊታችን ያለው ሰውዬ ቀስ ብሎ በስመአብ አለ። እኔ የፊቱን ወንበር ብረት ጨብጫለሁ። ደረበ። ገባ። ሁሉም ወደየስልኩ ተመለሰ።

ልጁ ፊታችንን ተራ በተራ አየ። እናትየውን፣ ሰውዬውን፣ እኔን።

«እኛ ለምን አንጮህም?»

ሾፌሩ ይደነግጣላ አልኩት። መጥፎ መልስ አይደለም እኮ። እውነትም ይደነግጣል። ግን ማታ ተኝቼ ሳስበው፣ ለሱ ነው እንዴ ዝም ያልነው? ወይስ ነውር ስለሆነ? አንድ ጊዜ አንዲት ልጅ «ኧረ ቀስ በል» ስትለው ሾፌሩ «ካልተመቸሽ ውረጂ» ሲላት ሰምቻለሁ፤ የሳቀው ደግሞ ተሳፋሪው ነው። እዚያ ኦሳካ ለመጮህ ተሰልፈው ይከፍላሉ። እዚህ... አይ፣ እንዲህ ሳደርገው ስብከት መሰለብኝ። እሱን ማለቴ አይደለም።

ምን ማለቴ ነው? ኦሳካ የተከፈተው በኛ መጋቢት 2013 ነው። ቀጥሎ የመጣውን ጥቅምት፣ ጦርነቱ ደሴ የገባበትን፣ እናንተም ታውቁታላችሁ። ያኔ ልጁ እህቴ ጀርባ ላይ ነበር። ስንወጣ መንገዱን ሁሉ አላለቀሰም። «ጨዋ ልጅ፣ ጎበዝ» እያልን አመሰገንነው። ሁላችንም። እንዲያውም ደጋግመን።

እሺ፣ እለፈው።

ሚያሞቶን ላንሳላችሁ፣ ደስ ይላል። ሺጌሩ ሚያሞቶ፣ የማሪዮ አባት። በ1981 ዶንኪ ኮንግ ላይ ማሪዮ ሲወጣ ስሙ እንኳ ገና ጃምፕማን ነበር። ሰውዬው ገጠር ነው ያደገው፣ ሶኖቤ የሚባል ቦታ። ልጅ ሆኖ ዋሻ አገኘና ፋኖስ ይዞ ገባ። ከዚያ የወጣ ነው ኋላ ጨዋታ የሆነው። እኛም ጦሳ ተራራ አለን እኮ! ስንት ጊዜ ወጥተን ስንት ጊዜ ተገርፈናል። ግን ከዚያ ፓርክ የሠራ የለም። ደሴ ላይ ቢሠራ ምን ይሆናል የሚል ጥያቄ ልካችሁልኝ ነበር፤ የኔ መልስ ባጃጅ ነው። የባጃጅ ራይድ። መሪውን አንተ ትይዛለህ፣ ባጃጁ ወደ ፈለገበት ይሄዳል። ይሄማ አሁንም አለ ትሉኛላችሁ።

ኢንስፔክተሩ ግን የራሱን ሣለ። እህቴ ፎቶውን ላከችልኝ፣ ደውዬ ጠየቅኩት። ሚኒባስ ነው። ሐዲድ የለውም፤ የውሸትም የተደበቀም። መሪ የለውም፣ ጆይስቲክ የለውም። ሰው ሲጮህ ሚኒባሱ ቀስ ይላል። አጨዋወቱ ይሄ ነው። ከጮኻችሁ ይቀንሳል፣ ዝም ካላችሁ ይደርባል።

በቴክኒክ ይቻላል እኮ። ማይክ ነው የሚፈልገው። እንዲያውም ከነዚያ ሁሉ ራይዶች ይሄ ለጨዋታ ይቀርባል፣ ምክንያቱም የምታደርገው ነገር ለውጥ ያመጣል። እንዲህ ብዬ ላደንቀው ስል፣ ማን እንዳስባለኝ እንጃ፣ «ሁሉም ዝም ቢልስ?» አልኩት።

«እሱን ገና እያሰብኩበት ነው» አለኝ።

እያሰበበት ነው። አይሱዙውን ግን ጨርሶታል፣ ቢጫ ቀብቶታል፣ ፊደሉን ብታዩት «አይሱዙ»ን በሁለት ዙ ነው የጻፈው። እና እኔ ምን ልበለው? ገደሉን አጥር አድርግበት ብለው ደግሞ... ቆይ፣ አጥር ካለውማ ማን ይጮኻል? አይ። እንጃ። መብራቱ ብልጭ ብልጭ እያለ ነው፣ እሱን ደግሞ...