ጭላዳዎቹን ምን አደረግሃቸው?

ክቡራን እንግዶች፣ የፎቶግራፍ ክበቡ አባላት፣ እንደምን አመሻችሁ።

ስለ ረጅም ሌንስ እንድናገር ነው የጋበዛችሁኝ። አስቀድሜ ልናዘዝ፤ እኔ የሰርግ ፎቶ አንሺ ነኝ። ዕድሜዬን ያሳለፍኩት ከሚዜ ጋር ስጋፋ፣ ኬክ ሲቆረስ ወንበር ላይ ስንጠለጠል ነው። ወደ ዱር የወሰደኝ አንድ ሌንስ ነው። ዋሽንግተን የሚኖረው የእህቴ ልጅ ለዕረፍት ሲመጣ ከ150 እስከ 600 ሚሊ ሜትር የሚሄድ፣ ሩቁን የሚያቀርብ ያገለገለ ዙም ሌንስ ይዞልኝ መጣ። «ጋሼ፣ በዚህ ሙሽራዋን ከአዳራሹ ማዶ ሆነው ያነሷታል» አለኝ። ሁለት ኪሎ ገደማ ይመዝናል። የመጀመሪያው ሰርግ ላይ ከቦርሳ ሳወጣው የሙሽራው አባት ደንገጥ ብለው፣ «ይህ ደግሞ ምን ይተኩሳል?» አሉኝ።

በእኛ ቋንቋ ደግነቱ ፎቶ አይተኮስም፤ ይነሣል። ልጅ ከወደቀበት እንደሚነሣ፣ ዕቃ ከመሬት እንደሚነሣ ሁሉ ማለት ነው። ይህ አጠራር ደስ ይለኛል። እርግጥ ጥምብ አንሳም አንሺ ነውና በስማችን ብዙ አንኩራ።

ያን ሌንስ ይዤ መጀመሪያ የወጣሁት የቤቴ ጣራ ላይ ነው። አዲስ አበባ ላይ ጭልፊት አይጠፋም። ጫጩት ያላት እናት ሁሉ የምትረግመው ያ ወፍ ለእኔ ነፃ አስተማሪ ሆነልኝ። የመጀመሪያ ቀን ወደ ሦስት መቶ ፎቶ አነሣሁ፤ አብዛኛው ባዶ ሰማይ ነበር። 600 ሚሊ ሜትር ላይ የሚታያችሁ የዓለም ስፋት 4 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው። እጃችሁን ዘርግታችሁ ሁለት ጣት ብታቆሙ የምትሸፍኑት ያህል መሆኑ ነው። በዚያ ጠባብ ቀዳዳ የሚበር ወፍ መፈለግ በመርፌ ቀዳዳ ግመል እንደማሳለፍ ነው። መላው ቀላል ነው፦ ዙሙን 150 ላይ አድርጋችሁ ወፉን ፈልጉ፣ ካገኛችሁት በኋላ እየተከተላችሁ አጥብቡ። ይህንን የነገረኝ ሰው ስላልነበረ ሁለት ወር ፈጀብኝ።

ለልምምድ ከጣራ የሚሻለው ሐዋሳ ነው። አሞራ ገደል ጠዋት ዓሣ ሲወጣ አባ ኮዳ እንደ ሽማግሌ እጁን ወደ ኋላ ያጣመረ መስሎ ከዓሣ አጽጂዎቹ አጠገብ ይቆማል። ፔሊካኖቹም ጀልባውን አጅበው ይመጣሉ። ሰው ስለለመዱ አይሸሹም። እዚያ የሰርግ ሙያዬ ጠቀመኝ። ካሜራ ሞኝ ነው፤ ያየውን ሁሉ ግራጫ ሊያደርግ ይፈልጋል። ነጭ ቬሎ ፊቱን ሲሞላው ያጠቁረዋል፣ ጥቁር ሱፍ ሲሞላው ያነጣዋል። ፔሊካን ቬሎ ነው፤ የአባ ኮዳ ጀርባ ሱፍ ነው። ነጩ ፍሬሙን ሲሞላው ብርሃኑን ትንሽ ከፍ፣ ጥቁሩ ሲሞላው ትንሽ ዝቅ ማድረግ ነው። ነጩ ትንሽ ሆኖ ዙሪያው ጥቁር ውኃ ከሆነ ግን ተቃራኒው ነው፤ ካሜራው ለውኃው አዝኖ ላባውን ያቃጥለዋል።

ስለ ፍጥነትና ስለ ብርሃን ባጭሩ ልለፍ፤ ይህንን ከእኔ የበለጠ ታውቃላችሁ። በ600 ሚሊ ሜትር ቆሞ ለሚጠብቅ እንስሳ ቢያንስ አንድ ስድስት መቶኛ ሰከንድ፣ ለሚበር ወፍ አንድ ሁለት ሺኛ ወይም ከዚያ የፈጠነ ይሁን። ሌንሱ ውስጥ ያለው ማረጋጊያ የእናንተን እጅ ያረጋጋል እንጂ የወፉን ክንፍ አያቆምም። ከ10 ሜትር ርቀት፣ ብርሃን የሚገባበት የሌንሱ ቀዳዳ 6.3 ላይ ሆኖ፣ ጥርት ብሎ የሚታየው ጥልቀት አንድ ጋት ያህል ነው። ዓይኑ ጠርቶ ጅራቱ ቢደበዝዝ ይቅር ይባላል፤ ጅራቱ ጠርቶ ዓይኑ ቢደበዝዝ ግን ማንም አይምራችሁም። ከጠዋቱ 4 ሰዓት በኋላ በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ዳር ከመሬት የሚነሣው ሙቀት ምስሉን በሚፈላ ድስት ላይ እንደሚታይ ነገር ያንቀጠቅጠዋል። ያን ጊዜ ሌንሱን አትውቀሱ፤ ከሰው ሁሉ ቀድማችሁ ለምሳ ሂዱ።

ስለ መደገፊያ ግን አንድ ምክር አልነፍጋችሁም። ባለ ሦስት እግር መቆሚያ መኪና ውስጥ አይዘረጋም። ከአሮጌ ጂንስ ከረጢት አሰፉ፤ ባዶውን ይዛችሁ ሄዳችሁ እዚያው ገበያ ባቄላ ወይም ሽንብራ ሙሉበት። የመኪናው መስኮት ላይ አድርጋችሁ ሌንሱን አስተኙበት። ስትመለሱ ንፍሮ ይሆናል።

አሁን ወደ ባሌ ልውሰዳችሁ። የሰናቴ አምባ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ የቱሉ ዲምቱ ጫፍ 4,377 ሜትር ይደርሳል። የበጋ ሌሊቱ ውኃ ያረጋል፤ የካሜራውንም ባትሪ ይገድላል። እኔ ባትሪዬን ከብብቴ ሥር አስተኝቼ ነው የማድረው። የመጀመሪያው ጉዞዬ ላይ ቀይ ቀበሮ ባየሁ ቁጥር እከተል ነበር። ቀበሮው ይራመዳል፣ እኔ በዚያ ስስ አየር እያለከለክሁ እሮጣለሁ፤ ሲቆም እቆማለሁ፤ ሳነጣጥር ይሄዳል። ያመጣሁት የጅራት ስብስብ ነው። በሦስተኛው ቀን ያስጎበኘኝ የነበረው ልጅ አዘነልኝና፣ «ጋሼ፣ እሱን ይተዉት፤ ምሳውን እንጠብቅ» አለኝ።

ምሳው ፍልፈል ነው። በዓለም ላይ ከባሌ ተራሮች በስተቀር የትም የማይኖር፣ ክብደቱ አንድ ኪሎ ሊደርስ የሚቀርብ፣ ዓይኖቹ ከአናቱ ጫፍ የወጡ እንስሳ ነው። ከጉድጓዱ ግማሽ አካሉን ብቻ ያወጣል፣ በዙሪያው ያለውን ሣር ይግጣል፣ ተመልሶ ይገባል። ሣሩ ካለቀ ሌላ ጉድጓድ ይከፍታል። በአጠገቡ ብዙ ጊዜ አንዲት ትንሽ ቡናማ ወፍ አትጠፋም፤ ፍልፈሉ አፈሩን ሲገለባብጥ የሚወጡትን ነፍሳት ትለቅማለች። ቀይ ቀበሮ እንደ ሌሎቹ ዘመዶቹ የሌሊት አዳኝ ያልሆነው ምግቡ በቀን ስለሚወጣ ነው። በቡድን ይኖራል፣ ፍልፈልና አይጥ ግን ለብቻው ነው የሚያድነው። ስለዚህ አዲስ አፈር የተቆለለበት ጉድጓድ ፈልጋችሁ፣ ነፋሱን አስተውላችሁ፣ መኪናችሁ ውስጥ መቀመጥ ነው። እንስሳት የቆመ መኪና ከቆመ ሰው ያነሰ ያስደነግጣቸዋል። እኛ ሁለት ሰዓት ተኩል ተቀመጥን። ቀበሮው በደረቱ እየተሳበ መጣ።

ያን ዕለት ያነሣሁት ፎቶ ሥራዬ ሁሉ የተሳካ አስመሰለልኝ። ዓይን ጥርት ያለ፣ ጢሙ የሚቆጠር፣ ከኋላው ያለው ሁሉ እንደ ቅቤ የቀለጠ። ከዚያ ወዲህ ዙሙ 600 ላይ ተቸከለ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ለሁለት ዓመት ቀለበቱን ያዞርኩት ቦርሳ ውስጥ ልከተው ስል ብቻ ነበር።

ከዚያ መንዝ፣ ጓሳ ሄድኩ። አንድ ጠዋት የጭላዳ ዝንጀሮ መንጋ በሣሩ ላይ ተበትኖ ይለቅማል፤ በመሃላቸው አንድ ቀይ ቀበሮ ቀስ ብሎ ይራመዳል። አይሸሹትም። እሱም ግልገሎቻቸውን ዞር ብሎ አያይም። እኔ እንደ ልማዴ ጥብቅ አድርጌ ፊቱን አነሣሁ፤ አርባ ያህል ፎቶ፣ አንዱ ከአንዱ የሚያምር። ማታ የጓሳን ሣር ለሚጠብቁ አንድ አባት በካሜራው መስኮት አሳየኋቸው። ዓይናቸውን አጥብበው ብዙ ጊዜ አዩትና፣ «ቀበሮው ጥሩ ነው ልጄ፤ ጭላዳዎቹን ግን ምን አደረግሃቸው?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። ቆርጬ ጥያቸዋለሁ።

በኋላ ሳነብ ደግሞ የጣልኩት ምን እንደሆነ ገባኝ። እዚያው ጓሳ ላይ ተመራማሪዎች ቆጥረውታል፤ ቀበሮው በጭላዳ መንጋ መካከል ሆኖ ሲያድን ከመቶ ሙከራው 67ቱ ይሳካለታል፤ ብቻውን ሲሆን ግን የሚሳካለት 25ቱ ብቻ ነው። ምክንያቱ አይጦቹ ከጭላዳዎቹ ግርግር የተነሣ እሱን አለማየታቸው ሊሆን ይችላል። እኔ ፊት ለፊቴ ይህ ሁሉ ሽርክና እየተካሄደ የአንዱን ሸሪክ አፍንጫ አነሣሁ! የሰርግ ፎቶ አንሺ ሆኜ፣ ሙሽራውን ብቻ አንሥቼ ሙሽራዪቱን፣ ሚዜውን፣ እናቱን ከፍሬም ያስወጣሁ ያህል ነው። እንዲህ ያለ አልበም ይዤ ብሄድ ክፍያ ቀርቶ ውኃም አይሰጠኝ።

በዚህ አዳራሽ ግድግዳ ላይ ያሉትን ሥራዎቻችሁን ከመጀመራችን በፊት ዞሬ አይቻለሁ። እጃችሁ ከእኔ የተሻለ ነው። ነገር ግን አብዛኛው ፊት ነው፤ ጀርባው ቀልጧል። የዋልያው ምስል እጅግ ያምራል፤ ይሁን እንጂ ገደሉ የለም። ዋልያ ደግሞ ያለ ሰሜን ገደል ቀንድ ያለው ፍየል ነው፤ ማንም ሰው የአራዊት ማቆያ ውስጥ ያነሣችሁት ነው ቢል በምን ትከራከሩታላችሁ? ዙም ሌንስ ተብሎ ገንዘብ የተከፈለበት ምክንያት መቅረብ ብቻ ቢሆን ኖሮ ቀለበቱ ወዲያና ወዲህ ባልዞረ ነበር። አንዴ ፊቱን ካገኛችሁ በኋላ፣ እባካችሁ፣ መልሱት። 300 ላይ፣ 200 ላይ፣ 150 ላይ ምን እንደሚገባ እዩ። ማን አብሮት ይበላል? ማን ይጠብቀዋል? ከማን ይሸሻል? ሌንሱ ሲሰፋ ቀዳዳውም ትንሽ ብርሃን ይጨምርላችኋል፣ የእጅ መንቀጥቀጡም ይቀንሳል። ትርፍ ነው።

አንድ ነገር ሳልናገር ብወርድ ግን ይቆጨኛል። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ለአቅመ መራባት የደረሰው ቁጥሩ ከ500 በታች ነው፤ የእብድ ውሻ በሽታ ደጋግሞ ፈጅቶታል። ፎቶ ፍለጋ ብስኩት ወርዋሪ፣ በመኪና አሳዳጅ አይቻለሁ። የወፍ ጎጆ በደንብ እንዲታይ ቅርንጫፍ የቆረጠም አይቻለሁ። እናቲቱ ስትበር እንቁላሉ ለፀሐይና ለቁራ ይቀራል። ረጅም ሌንስ ይዞ መጠጋት ደመወዝ ተከፍሎት ልመና እንደሚወጣ ሰው ነው። እንስሳው ቀና ብሎ ካያችሁና መብላቱን ካቆመ አልፋችኋል፤ ተመለሱ።

ጓሳ በሚቀጥለው ዓመት ተመለስኩ። አራት ቀን ጠብቄ፣ በ170 ሚሊ ሜትር፣ መንጋውን ከነሸንተረሩ አነሣሁ። ፎቶውን በትልቁ አሳትሜ ለእኒያ አባት ወሰድኩላቸው። ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ጭላዳዎቹን በጣታቸው አንድ ሁለት እያሉ ቆጠሩ። ቀበሮውን ፈልገው ፈልገው ከአንዲት እናት ጀርባ አገኙትና ሳቁ። ከዚያ ሣሩ ላይ ደረሱ። የጓሳ ሣር ጣራ የሚከደንበት፣ ገመድ የሚገመድበት ነው፤ አባቶች ባቆሙት ሥርዓት ለዓመታት ተዘግቶ ይቆይና ሲደርስ ይከፈታል። ጣታቸውን ምስሉ ጥግ ላይ፣ እኔ ልብ ያላልኩት ቦታ ላይ አቁመው፣ «ይህ ከስምምነታችን ውጪ የታጨደ ነው፤ መቼ ነው ያነሣኸው?» አሉኝ።

ቀኑን ነገርኳቸው።

አመሰግናለሁ።