ዱ ፉን አልቃሽ አድርገን ጨረስነው

የተከበራችሁ የግጥም ወዳጆች፣ እንደምን አመሻችሁ!

የቻይናዊውን ገጣሚ የዱ ፉን ሕይወት (እ.ኤ.አ. 712–770) ታውቁታላችሁ፤ አልደግመውም። የመጣሁት ቅሬታ ይዤ ነው። ስሙ በተነሣ ቁጥር ጦርነት፣ ስደት፣ ረሃብ እንላለን፤ ስለ አሠራሩ ትንፍሽ የሚል የለም።

«የጸደይ እይታ» የተባለውን ግጥሙን እንይ። በ756 ዱ ፉ ቤተሰቡን ከዋና ከተማው ከቻንግአን በስተሰሜን ትቶ ወደ አዲሱ ንጉሠ ነገሥት ወደ ሱዞንግ ሲገሰግስ፣ የከዳው የጦር አዛዥ የአን ሉሻን ዓማፅያን ያዙትና ወደተማረከችው ዋና ከተማ መለሱት። በዓመቱ ጸደይ ሲገባ እዚያው ሆኖ ጻፈው። ስምንት ስንኝ ነው፤ በየስንኙ አምስት ቀለም (የድምፅ ክፍል)፣ በድምሩ 40። ከሁለተኛው ቀለም በኋላ ዕረፍት አለ። ሁለተኛው፣ አራተኛው፣ ስድስተኛውና ስምንተኛው ስንኝ በአንድ ቤት ይመታሉ። መካከለኞቹ ሁለት የስንኝ ጥንዶች ደግሞ ቃል ለቃል መመጣጠን አለባቸው፤ ስም በስም፣ ግስ በግስ ፊት ይቆማል።

ብዙው ገጣሚ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። አመጣጥናለሁ ሲል አንዱኑ ነገር ሁለቴ ይለዋል። ዱ ፉ ግን ምን አደረገ? የጦርነቱ ምልክት እሳት ሦስት ወር ሙሉ ነደደ፤ የቤተሰብ ደብዳቤ አሥር ሺህ ወርቅ አወጣ። እሳት በደብዳቤ ፊት፣ ሦስት በአሥር ሺህ ፊት! አንዱ ስንኝ ጊዜ ይቆጥራል፣ ሌላው ዋጋ፤ አንዱ የአገር ነው፣ ሌላው የአንድ አባት። ደብዳቤው የተወደደው እሳቱ ስላልጠፋ መሆኑን ግን አልተናገረም። ጎን ለጎን አስቀምጦ ተወው።

መጨረሻ ላይ የሸበተ ፀጉሩን ሲያክ ሲያክ ሳስቶ፣ የፀጉር መርፌ መያዝ አቃተው። በዚያ መርፌ የሚያያዘው የሹም ቆብ ነው፤ በፈረሰ መንግሥት የጀመረው ግጥም እንዲህ አለቀ።

እንባማ ማንም ያፈሳል! ሐዘኑን በ40 ቀለም ልክ ቆርጦ የሚሰፋ ስንት ነው? ይህን «ልብ ይነካል» ብሎ ማለፍ ስንፍና ነው፤ በእሱ ስም እያመካኙ ልቅ ግጥም መደርደር ደግሞ ድፍረት!

ሌላውን ላሳጥር። በ767 የጻፈው «ከፍታ ላይ መውጣት» ባለ ሰባት ቀለም ነው፤ ሕጉ ሁለት ጥንድ ቢጠይቀውም አራቱንም አመጣጠነ። ከተረፉት 1,400 ያህል ግጥሞቹ ሁሉም እንዲህ የጠበቁ አይደሉም፤ ከረጃጅሞቹ ብዙዎቹ ላላ ይላሉ።

አሁን ንባቡ ይጀምራል። «የጸደይ እይታ» አምስተኛውና ስድስተኛው ስንኝ ላይ ስንደርስ እባካችሁ አታጨብጭቡ፤ አድምጡ። አመሰግናለሁ።